የእህቴ ባኞ ቤት

ሰው ከዓረብ አገር ሲመለስ መካሪ አያጣም። እህቴ በጥር 2012 ዓ.ም. ከቤይሩት ስትመለስ የመከሯት ሰዎች ቢሰበሰቡ አንድ የዕድር ድንኳን ይሞላሉ። “ባጃጅ ግዢ” ያላት አለ። “እንጀራ ለሆቴሎች አከፋፍዪ” ያላት አለ። “ብሩ ይረክሳል፣ በእጅሽ አታኑሪው” ያላትም አለ፤ ይኼኛው ቢያንስ አልተሳሳተም። እኔም ከመካሪዎቹ አንዱ ነበርኩ፤ ያውም ባለ ዲግሪ መካሪ። የዲግሪው ወጪ የተሸፈነው በእሷ ደሞዝ መሆኑን ምክር በምሰጥበት ሰዓት ማስታወስ አልወደድኩም።

ሁላችንንም ዝም ብላ ሰማችን። ሰፈር ውስጥ ትንሽ ሱቅ ከፈተች፣ ዕቁብ ገባች፣ ቆጠበች። ባለፈው ዓመት አንድ ቀን ቡና ላይ ተቀምጠን ሳለ ጉዳዩን አወጣችው።

“ገንዳ ያለው ባኞ ቤት ላሠራ ነው።”

እማዬ “ለከብት?” አለች። እናታችን ገጠር ያደገች ናት፤ ገንዳ ሲባል የሚታያት በሬ ነው።

እኔ ደግሞ የሚታየኝ ሌላ ነው። በዚህች ከተማ ገንዳ ያለው ባኞ ቤት ያላቸው ዘመዶችና ወዳጆች አሉኝ። ገንዳው ውስጥ ሰው ተቀምጦ ያየሁበት ቀን ግን የለም። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ገንዳ ማለት የውሃ ጎተራ ነው። እስከ አፉ ይሞላል፣ ጆግ ይንሳፈፍበታል፣ ባለቤቱ አጠገቡ ቆሞ በባልዲ ይታጠባል። አንድ ወዳጄ ቤት ገንዳው ውስጥ ሦስት ጀሪካን፣ አንድ የሽንኩርት ጆንያና የልጆች ብስክሌት አይቻለሁ። ይህንን ሁሉ ለእህቴ አስረዳኋት። “እትዬ፣ ሻወር ይበቃሻል” አልኳት።

“ሴራሚኩ ደግሞ በሰያፍ ነው የሚነጠፈው” አለችኝ፤ የተናገርኩትን እንዳልሰማች።

በሰያፍ ማለት ይኼ ነው። ካሬው ሴራሚክ እንደ ወትሮው በጎኑ ሳይሆን በጫፉ ቆሞ፣ ዳይመንድ መስሎ ግድግዳው ላይ ይወጣል። ሲያዩት ያምራል። ሲሠሩት ግን ቀጥ ብሎ ከሚነጠፈው ይለያል። ቀጥ ያለው ጥግ ላይ ሲደርስ አንዱን ሴራሚክ ቆርጦ መጨረስ ይቻላል፤ ትንሽ ቢጠብ ቢሰፋም ብዙ ሰው አያስተውለውም። ሰያፉ ግን ዙሪያውን በሙሉ ቁርጥራጭ ነው፤ በላይም፣ በታችም፣ በግራም፣ በቀኝም። ገንዳው ደግሞ በሦስት ግድግዳ መሃል ነው የሚገባው። ስለዚህ ዳይመንዱ ከአንዱ ግድግዳ ወደ ሌላው ማዕዘኑን ታጥፎ ማለፍ አለበት። እዚያ ላይ ነው ጣጣው።

ክፍሉ ከዋናው ቤት ጀርባ በብሎኬት ተገንብቶ ሳይለሰን የቀረ ሰርቪስ ነው። አባታችን ነፍሱን ይማረውና ያስገነባው በዓይን ልክ በሚሠራ ግንበኛ ነበር። ለኩት ስባል ለካሁ። ገንዳው የሚገባበት ቦታ ታች 175 ሴንቲ ሜትር፣ ላይ ደግሞ 178 ሆኖ ተገኘ። ግድግዳዎቹ ወደ ላይ በወጡ ቁጥር እየተኳረፉ ሄደዋል ማለት ነው።

ሴራሚክ ሠሪው በጓደኛ በኩል የመጣ፣ ዕድሜው ወደ ስድሳ የሚጠጋ ሰው ነው። የኮንዶሚኒየም ግንባታ በ1990ዎቹ መጨረሻ ሲጀመር ጀምሮ ስንት ወለልና ግድግዳ እንዳለበሰ ራሱም አያውቀውም። ክፍሉን አየ፣ ግድግዳውን በጣቱ መታ መታ አደረገ፣ ቱንቢ አንጠለጠለ፣ ከንፈሩን መጠጠ።

“እቴ፣ ይኼን ግድግዳ በሰያፍ ካልሽ ለካሬው አንድ ተኩል እጥፍ ትከፍይኛለሽ። ሴራሚኩም ይባክናል። ለቀጥታው ከመቶ አሥር ትርፍ ብትገዢ ይበቃል፤ ለዚህ ከመቶ አሥራ አምስት ያዢ። ለምን ትለፊያለሽ? ቀጥ አድርጌ ልሥራልሽ።”

“እሺ ጋሼ፣ እከፍላለሁ። መጀመሪያ ግን ይቺን ይዩልኝ” ብላ ከሱቋ የዱቤ መዝገብ የተቀደደ ባለ ካሬ ወረቀት ዘረጋችለት።

እኔም እኩል ነው ያየሁት። ሦስቱ ግድግዳዎች ጎን ለጎን ተዘርግተው በእርሳስ ተሥለዋል። የኋላው ግድግዳ ወርዱ ስድስት ዳይመንድ፣ ቁመቱም ከገንዳው ከንፈር ጀምሮ ስድስት ዳይመንድ ነው። የግራና የቀኙ ወርዳቸው ሦስት ሦስት፣ ቁመታቸው ስድስት ስድስት። ከሥር በሷ ጽሕፈት “ሙሉ 117፣ ለሁለት የሚከፈል 24፣ ለአራት የሚከፈል 3፣ ድምር 144” ይላል።

ስልኬን አውጥቼ ማስላት ጀመርኩ። ልክ ነው። የኋላው ግድግዳ ላይ 61 ሙሉ፣ 20 ግማሽና አራት ሩብ ይገባል፤ ሲጠቃለል 72 ሴራሚክ። የጎኖቹ እያንዳንዳቸው 28 ሙሉ፣ 14 ግማሽና አራት ሩብ፤ ይኼም 36፣ 36። እህቴ የተማረችው እስከ ስምንተኛ ክፍል ነው።

“የጎኖቹን ለምን ሦስት አደረግሽው? ገንዳው እኮ ወርዱ 70 ነው፤ ሦስት ዳይመንድ ከገንዳው ያልፋል” አላት ሰውየው።

“ውሃው ገንዳው ያለቀበት ቦታ ሲደርስ አይቆምማ! ሁልጊዜ የሚረጥበው፣ ቀለሙ የሚላጠው ከገንዳው ውጪ ያለው አንድ ስንዝር ግድግዳ ነው።”

ሰውየው ቀና ብሎ አያት። “የት ነው የሠራሽው?” አላት። ሴራሚክ ነጣፊ መስላው ነበር።

ስለ ቤይሩት ባኞ ቤት የሰማሁት ያን ቀን ነው። በ1999 ዓ.ም. ሄዳ በ2012 እስክትመለስ ድረስ የሠራችው አሽራፊየ የሚባል ሰፈር፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ አንድ ቤት ነው። የማዳም ባኞ ቤት በሰያፍ የተነጠፈ ነበር። ነጭ ሴራሚክ፣ መገጣጠሚያውም ነጭ። ነጭ መገጣጠሚያ ውሃ ባለበት ቦታ ይጠቁራል፤ ማዳም ደግሞ ጥቁር ነጥብ አትወድም። ስለዚህ እህቴ ጠዋት ጠዋት በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ እያንዳንዱን መስመር ትፈትጋለች፤ ሁሉም መስመር ሰያፍ ነው፣ ወደ ቀኝ ወጥቶ ወደ ግራ ይወርዳል። ሰው በየቀኑ በጥርስ ብሩሽ የሚሄድበትን መንገድ ሳይቆጥር አይቀርም። እሷም ቆጠረችው። ወርዱ አምስት ተኩል ነበር።

“የሠራው ሰው ከመሃል አልጀመረም፤ ከቀኝ ጥግ ነው የጀመረው” አለችን። “በቀኝ በኩል ጫፍ ከጫፍ፣ ግማሽ ከግማሽ ይገናኛል። ግራ ሲደርስ ግማሽ ተረፈው። እዚያ ጋ ግማሹ መጥቶ ከሙሉው ጋር ይላተማል፤ ከላይ እስከ ታች እንደዚያ ነው። 13 ዓመት ያንን ማዕዘን አየሁት።”

ገንዳው ውስጥ ግን አንድም ቀን አልተቀመጠችም። የሠራተኛዋ መታጠቢያ ከወጥ ቤቱ በስተኋላ ያለች፣ በሩ ሲዘጋ ጉልበት የምትነካ ክፍል ነበረች።

እኔ በነዚያ ዓመታት ስልኳ ሲመጣ የምጠይቃት ሁለት ነገር ነበር፤ “ደህና ነሽ?” እና “መቼ ነው የምትልኪው?” ሁለተኛውን እንዲህ በግልጽ አልለውም፤ ስለ ትምህርት ቤት ወጪ አወራና እንድትጨርሰው ለእሷ እተውላታለሁ። ስትሠራ ምን እንደምታይ፣ የምታጥበው ነገር ምን እንደሚመስል ጠይቄያት አላውቅም። የመጨረሻዎቹ ወራት ደሞዟ በዶላር መሆኑ ቀርቶ በየሳምንቱ በሚረክሰው ሊራ ሲከፈላት እንኳ መጀመሪያ የተናደድኩት በእሷ ነበር፤ ለምን ቀድመሽ አልወጣሽም ብዬ።

ሐምሌ 28 ቀን 2012 ዓ.ም. የቤይሩት ወደብ ሲፈነዳ አብረን ቴሌቪዥን ፊት ነበርን። ያን ሰፈር አወቀችው። ሌሊቱን ሙሉ ስትደውል አድራ በማግስቱ ማዳምን አገኘቻት። ደህና ናት፤ የቤቱ መስታወት በሙሉ ረግፏል። እህቴ ስልኩን ስትዘጋ “ባኞ ቤቱ ምንም አልሆነም አለችኝ” ብላ ሄዳ ተኛች። ያኔ ምን ማለቷ እንደሆነ አልገባኝም ነበር።

ወደ ፕላኑ ልመለስ። ሴራሚኩን ለመግዛት መርካቶ ሦስት ቀን ተንከራተትን። “20 በ20” ስንላቸው ሻጮቹ የካሴት ማጫወቻ የጠየቅናቸው ይመስል ፈገግ ይላሉ። አሁን ገበያው 30 በ60 ነው፤ እሱ ደግሞ ካሬ ስላልሆነ በጫፉ ቢያቆሙት ዳይመንድ አይወጣውም። በመጨረሻ አንድ መጋዘን ጥግ አቧራ የለበሰ ዘጠኝ ካርቶን ተገኘ። እህቴ ዘጠኙንም ገለባበጠችና ጎናቸው ላይ የታተመውን ቁጥር አነበበች። አንድ ዓይነት ነጭ ሴራሚክ በተለያየ ጊዜ ከተመረተ ነጭነቱ ትንሽ ይለያያል፤ መብራት ሲያርፍበት ነው የሚታወቀው። ቁጥራቸው አንድ የሆኑት ሰባቱ ነበሩ። ሰባት ካርቶን፣ በካርቶን 25፣ በድምሩ 175። ለ144ቱም፣ ከገንዳው ውጪ እስከ ወለሉ ለሚወርዱት ሁለት ቀጫጭን ቦታዎችም፣ ለሚሰበረውም ይበቃል። ቀጥሎ ከቦርሳዋ ሜትር አውጥታ አንዱን ሴራሚክ ለካችው። ካርቶኑ 20 በ20 ቢልም ሴራሚኩ 19.7 ነው። ሻጩ “ሁሉም እንደዚያ ነው እህቴ፣ መገጣጠሚያው ታስቦ ነው” አላት። “አውቃለሁ፤ ልጽፈው ነው” አለችው።

ስሌቷ ይኼ ነበር። 19.7 ላይ የሦስት ሚሊ ሜትር መገጣጠሚያ ሲጨመር 20 ይሞላል። 20 በ20 የሆነ ካሬ ከጫፍ እስከ ጫፍ በሰያፍ ሲለካ 28.3 ገደማ ነው። ስድስቱ 170 ሊሆን ሦስት ሚሊ ብቻ ይጎድለዋል። ገንዳው ደግሞ ርዝመቱ 170። ስለዚህ ግድግዳው ተለስኖ 170 ላይ እንዲመጣና ገንዳው በልኩ እንዲገባ፣ ከላዩ ስድስት ዳይመንድ እንዲያርፍ ነው ያሰበችው። እኔ አጨበጨብኩ ማለት ይቻላል።

ሰውየው ግን ወረቀቱን ብዙ ጊዜ አየው። ከዚያ አንድ ሴራሚክ አንሥቶ በጠርዙ አቆመውና ለእህቴ አሳያት።

“እቴ፣ ሥራሽ በጣም ጥሩ ነው። ወረቀትሽ ግን ውፍረት የለውም።”

ሁለታችንም ዝም አልን።

“የኋላውን ግድግዳ ነጥፌ ስጨርስ የጎኑን እነጥፋለሁ፤ አይደል? የጎኑ ሴራሚክ ከነማጣበቂያው አንድ ሴንቲ ተኩል ይወፍራል። በግራ አንድ ተኩል፣ በቀኝ አንድ ተኩል። 170 ያልሽው ግድግዳ ሥራው ሲያልቅ 167 ነው የሚታየው። የዳር ዳሮቹ ዳይመንዶች ጫፋቸው ይዋጣል። ያቺ የቤይሩት ማዕዘን እዚህም መጣችብሽ ማለት ነው።”

እህቴ ወረቀቱን አየችው። ፊቷ ላይ ያየሁትን ነገር ለመጻፍ ይከብደኛል። 13 ዓመት የተቆጠረ ነገር በአንድ ሴንቲ ተኩል ሲፈርስ ሰው እንደዚያ ይሆናል መሰለኝ። ከዚያ በጣም ቀስ ብላ፣ “እና ምን ይሻላል ጋሼ?” አለችው።

ሰውየው መሬት ላይ ተቀመጠ። እርሳሷን ተቀበላት። ልስኑ 172 ላይ እንዲቆም ወሰነ፤ ገንዳው ሳይጣበብ ይገባል። ሦስት ሚሊ ያልሽው መገጣጠሚያ ሁለት ሚሊ ይሁን አላት፤ ያኔ ስድስቱ ዳይመንድ 169 ይሆናሉ። ከ172 ላይ የሁለቱ ጎኖች ሴራሚክ ሦስት ሴንቲ ሲወስድም የሚቀረው 169 ነው። “ሴራሚኩም በግራና በቀኝ የገንዳውን ከንፈር ግማሽ ግማሽ ሴንቲ ይደርብበታል። ውሃ ከጀርባ አይገባም” አላት።

ከዚያ በኋላ እኔ በዚያ ባኞ ቤት ጉዳይ አልተጠየቅኩም። ሁለቱ ተግባቡ። ልስኑ አንድ ሳምንት ፈጀ፤ ታች አንድ ሴንቲ ተኩል፣ ላይ ሦስት ሴንቲ እየተሞላ የተኳረፉት ግድግዳዎች ታረቁ። ማዕዘኑ ቀጥ ማለቱን በሲባጎ ፈተሹት፤ በአንዱ ግድግዳ 60፣ በሌላው 80 ምልክት ተደርጎ በምልክቶቹ መሃል ያለው 100 ከሆነ ማዕዘኑ ልክ ነው። ይኼን ሒሳብ እኔ ትምህርት ቤት ተፈትኜበታለሁ፤ ለምን እንደሚጠቅም የነገረኝ ግን አልነበረም።

ከመንጠፉ በፊት ሴራሚኩ ሳሎን ውስጥ በደረቁ ተደረደረ። ለሁለት ቀን እማዬ ወደ መኝታ ቤቷ የምትሄደው ግድግዳ ታክካ ነበር። ግማሾቹ አልተቆረጡም ገና፤ እህቴ በምትካቸው ከባዶው ካርቶን ሦስት ማዕዘን እየቆረጠች በየቦታቸው አስቀመጠች። ማዕዘኑ ላይ የሚያርፉት ግማሾች አንድ ደምብ ነበራቸው። አንዱ ሴራሚክ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሲከፈል አንደኛው ግማሽ የኋላው ግድግዳ ላይ፣ ሌላኛው ልክ ከጎኑ ባለው ግድግዳ ላይ መሆን አለበት፤ ስለዚህ ከመቆረጣቸው በፊት ጀርባቸው ላይ ቁጥር ተጻፈባቸው። ወረቀት ታጥፎ ግድግዳ የሆነ እንዲመስል ነው። “ከሌላ ሴራሚክ ቢሆንስ ማን ያውቃል? ሁሉም ነጭ ነው እኮ” አልኳት። መልስ አልሰጠችኝም። ሰውየው ነው በእሷ ፈንታ በትዝብት ያየኝ።

ቧንቧ ሠሪው ያስቀመጠው ገንዳ ደግሞ ውሃ ልክ ሲደረግበት አንዱ ጫፍ ስምንት ሚሊ ዝቅ ብሎ ተገኘ። እግሮቹ የሚሽከረከሩ ስለነበሩ ተስተካከለ እንጂ የታችኛው ረድፍ በሙሉ ተንሻፎ ይቀር ነበር። መጀመሪያ የተለጠፉት ያ ረድፍ ናቸው፤ ግማሾቹ ሰፊ ጎናቸውን ወደ ታች አድርገው እንደ ተራራ ይሰለፋሉ፣ ሙሉዎቹ ዳይመንዶች በሸለቆዎቹ ውስጥ እየገቡ ይቀመጣሉ። መሃሉ ላይ በቱንቢ የተሠመረ መስመር አለ፤ ከዚያ ወደ ግራና ወደ ቀኝ። መገጣጠሚያው በነጭ ሲሚንቶ አልተሞላም፤ እህቴ አመድማ ቀለም ነው የገዛችው። “ነጭ አልፈልግም። ብሩሽ የያዘ ሰው እዚህ ቤት አይገባም” ብላለች።

ከገንዳው ከንፈርና ከሴራሚኩ መሃል ያለችው ሦስት ሚሊ ክፍተት በሲሊኮን ነው የምትዘጋው፤ ሲሲሚንት ገንዳው ውሃ ሲሞላ ዝቅ ስለሚል ይሰነጠቃል። ለዚህም ነው ሲሊኮኑ የሚቀባው ገንዳው በውሃ ሞልቶ፣ ክብደቱን ይዞ ባለበት ጊዜ የሆነው። እስኪደርቅ ድረስ ደግሞ ውሃው አይነካም። የፈረቃችንን ቀን ጠበቅን። ገንዳው ሲሞላ ሰውየው ሲሊኮኑን ቀብቶ፣ በሳሙና በረጠበ ጣት ጠርጎ፣ “እስከ ነገ በዚህ ሰዓት” ብሎ ሄደ።

ማታ ላይ እማዬ ጆግ ይዛ ስትገባ አየኋት። ውሃ ጠፍቷል፣ እሷ ደግሞ ቡና ልታፈላ ነው።

“እማ! እንዳትነኪው!” እህቴ ከሱቅ ድረስ ሮጣ መጣች።

“አንዲት ጆግ ብቻ...”

“አንዲትም ጆግ!”

እማዬ ወደ እኔ ዞራ “አልነገርኩህም? የከብት ገንዳ ይሻል ነበር፤ እሱስ ያጠጣል” አለች።

በማግስቱ ውሃው ዝም ብሎ አልፈሰሰም። ከጎረቤት ጭምር ባልዲ ተለምኖ፣ ግማሹ ለልብስ፣ ግማሹ ለጎመኑ ሄደ። ስመለስ እህቴ ባዶው ገንዳ ውስጥ ልብሷን እንደለበሰች፣ እግሯን ዘርግታ ተቀምጣለች። የግራውን ማዕዘን ከታች ወደ ላይ እያየች ነው። እኔም ገንዳው ጫፍ ላይ ተቀምጬ አየሁት። ግማሽ ከግማሽ፣ ጫፍ ከጫፍ፣ እስከ ላይ።

“ገጠመ” አልኳት።

“አንደኛው ሁለት ሚሊ ወጣ ብሏል።”

“የቱ?”

“አልነግርህም” አለችኝ። “አንዴ ካየኸው አይለቅህም።”